ፊቱን ለማናየው ሕመምተኛ

ባለፈው ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች በጡት ካንሰር ለታመሙ አንዲት የሰፈራችን እናት ገንዘብ አሰባስበን ነበር። ገንዘቡ ሲቆጠር አንድ ወንድማችን፣ «ጥቂቱን ለካንሰር ምርምር ብንሰጥስ?» አለ። እኔ ተቆጣሁ። «እናታችን መድኃኒት መግዣ አጥተው ሳለ ለቤተ ሙከራ ብልቃጥ?» ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩት። ገንዘቡ ሁሉ ለመድኃኒት ዋለ፤ እርሳቸው ግን ፋሲካን ሳያዩ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ፊቱን ከምናየው ሕመምተኛና ፊቱን ከማናየው፣ ለማን መስጠት ይገባል?

ውድ አንባቢያን፣ መልሱን ከሰፈራችን ስም እንጀምር። ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን ሰፈር «ፓስተር» የምንለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ቀድሞ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ስለነበር ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ያበደ ውሻ ለነከሰው ልጅ ክትባት ከሰጠ በኋላ፣ ከብዙ አገር ሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ በፓሪስ የምርምር ቤት ተሠርቶ በ1888 ተመረቀ። ከባለጸጋው ጋር ድኻውም ሰጥቷል። እነዚያ ሰዎች ጉለሌ የምትባል ቦታ መኖሯን አያውቁም ነበር። ሆኖም የጉለሌው ተቋም ለብዙ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እያዘጋጀ የስንቱን ቤት ልጅ አትርፏል።

ወደ ካንሰር ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም የደም ካንሰር በያዛቸው ሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት መሞከሩን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳወቀ። በሽታው ለጥቂት ወራት ሸሽቶ ተመለሰ። ይህን አይቶ «ከንቱ ድካም ነው» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት «ጂሚ» የተባለ የካንሰር ሕመምተኛ ልጅ በራዲዮ ሲናገር ሕዝቡ ከ200 ሺሕ ዶላር በላይ አዋጣ፤ ጥናቱም ቀጠለ። ዛሬ የተሟላ ሕክምና ባለበት አገር የደም ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ይድናሉ። ፋርበር ከሞከረው መድኃኒት ጋር አንድ ወገን የሆነው ሜቶትሬክሴት ለጡት ካንሰርም ይሰጣል። እኛ ለእናታችን ከገዛናቸው መድኃኒቶች አንዱ እርሱ ነበር። እኔ የናቅሁት ብልቃጥ አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ በገንዘባችን ምን እንገዛ ነበር? ደጉ ሳምራዊ በቁስለኛው ላይ ያፈሰሰውን ዘይትስ የጨመቀው ሌላ ሰው አልነበረምን?

«ታዲያ ዛሬ የሚያቃስተውን ትተን ለነገው እንስጥ?» ለሚል፣ አይደለም እላለሁ። ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ ሲያቋቁሙ፣ ለእርሱ የሚደርስለት ነገር አልነበረም። የደከሙት ለሌላው ሰው ልጅ ነው። ምርምርም ቢሆን የውጭ አገር ሥራ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተያዘው የካንሰር ሕሙማን መዝገብ፣ በሴቶቻችን ላይ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር መሆናቸውን አሳይቷል። ሳይቆጥሩ ማን በምን እንደታመመ አይታወቅም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከፊታችን የወደቀውን አስቀድመን እናንሣ፤ ከዚያ የተረፈችው ጥቂት ግን ለማናውቀው ሰው ትሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሰብሳቢውም እያንዳንዷ ብር የት እንደዋለች በግልጽ ያስረዳ። ምርምር ላይሳካ ይችላል፤ ቢሳካም ማንም መጥቶ አያመሰግነንም። ምስጋና የማይጠብቅ ስጦታ ግን ምጽዋት መሆኑን እኛ ከልጅነታችን ተምረናል።

ያን ዕለት በሰው ፊት ያሳፈርኩትን ወንድሜን በዚሁ ጽሑፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ።