ዝምታ ውሸት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ አጭር ነው። ሰው አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር ሊዋሽ ይችላልን? ብዙዎቻችን «እኔ ምንም አላልሁም» ስንል ኅሊናችን ነጻ የወጣ ይመስለናል። አባቶቻችንም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለዋል። ይህ አባባል አንደበቱን መግታት ላቃተው ሰው መልካም ምክር ነው። እኔ ግን ከጥቂት ወራት በፊት መሸሸጊያ አድርጌው ነበር። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ትንሽ አውሮፕላን ነው።

በውጭ አገር የሚኖር አጎቴ ኮሜት የተባለውን የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላን ሞዴል ላከልኝ። ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያነሰ ሲሆን ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የፕላስቲኩን ቁርጥራጭ በምላጭ እየለዩ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ በሙጫ እያጣበቁ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ነው። በዚያን ጊዜ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለችግረኛ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ መግዣ የሚሆን ባዛር ያዘጋጅ ስለነበር ሞዴሉን ሠርቼ ለጨረታ ላበረክት ቃል ገባሁ። ከማስተምራቸው ሕፃናት አንዱ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ረዳቴ ሆነ።

እንዲህ ያለ ሞዴል በሦስት በኩል በጎማ ይቆማል። አንዱ ጎማ ከአፍንጫው ሥር ነው፤ የቀሩት ከክንፎቹ ሥር ናቸው። ከክንፎቹ ጎማዎች ወደ ኋላ ያለው ክፍል ከፊተኛው ስለሚከብድ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ካልተጨመረ ጅራቱ መሬት ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ የሚጨመረውም ሁለቱ የገላው ግማሾች ከመጣበቃቸው በፊት ነው፤ ከተዘጋ በኋላ መግቢያ የለውም። ልጁ የመመሪያውን ሥዕል አይቶ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሚጨመር ነገር አለ» አለኝ። «ነገ እንፈልጋለን» አልሁት። ነገር ግን የባዛሩ ቀን ስለ ደረሰብኝ በዚያው ሌሊት ብቻዬን አጣበቅሁት።

ቀለሙ ደርቆ በጎማው ባቆምሁት ጊዜ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሣ፤ ጅራቱም ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። መክፈት ማለት የደከምሁበትን ሁሉ ማበላሸት ሆነብኝ። ስለዚህ መርፌ አግዬ በአፍንጫው ጎማ በኩል አሳለፍሁና ከእንጨት መቆሚያ ጋር አያያዝሁት። እጅግ አምሮ ቆመ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ከእንጨቱ ሲያነሡት ይወድቃል እኮ። እንንገራቸው?» አለ። እኔም «ከጠየቁን እንነግራቸዋለን» ብዬ መለስሁለት። ማንም አልጠየቀም። አንድ የደብራችን ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው ብለው በጥሩ ዋጋ ወሰዱት፤ ጭብጨባም ሆነ።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያ ልጅ በትምህርት ቤቱ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አምጥቶ ወረቀቱን እንደ ደበቀ ሰማሁ። ጠርቼ «ለእናትህ ለምን አልነገርሃትም?» ስለው ሳያፍር ቀና ብሎ አየኝና «አልጠየቀችኝም። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ» አለኝ። ቃሉ የእኔው ቃል ነበር። ምን ብዬ ልቆጣው እችል ነበር?

ያን ማታ ስለ ኮሜት የሚተርክ መጽሐፍ አንሥቼ አነበብሁ። ኮሜት የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 ሲሆን፣ በግንቦት 1952 ከለንደን ተነሥቶ በጎረቤታችን በካርቱም በኩል እስከ ጆሐንስበርግ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በጥር 1954 አንዱ በኢጣልያ ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታትኖ 35 ሰዎች ሞቱ። በሚያዝያም ሌላው በኔፕልስ አካባቢ ባሕር ውስጥ ወድቆ 21 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ ኮሜት ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ከተው፣ ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ የሚታመቀውን አየር በውኃ ግፊት እየተኩ ሆዱን ደጋግመው ነፉት፤ አስተነፈሱት። ቀድሞ የበረራቸው በረራዎች ተጨምረው 3,057 ጊዜ ሲሞላ ገላው ተቀደደ። ብረት እንደ ሰው በመደጋገም ይደክማል። ከኤልባ ባሕር የወጣው ስብርባሪም ስንጥቁ በጣሪያው ላይ ለአንቴና ከተከፈተ ቀዳዳ ጥግ እንደ ተነሣ አሳየ።

እንግዲህ የእኔ ሞዴል ሰው አይገድልም፤ ሁለቱን ማመዛዘን አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። የኮሜት ሠሪዎች ስንጥቁ እንዳለ አያውቁም ነበር። በታወቀ ጊዜ ግን ጉዳዩ በአደባባይ ተመረመረ፤ ውጤቱም ታተመ፤ ሌሎች አውሮፕላን ሠሪዎችም ተማሩበት። ኮሜት ራሱ ገላው ጠንክሮ፣ መስኮቱም ክብ ሆኖ በ1958 ተመለሰና አትላንቲክን በመንገደኛ አገልግሎት የተሻገረ የመጀመሪያው ጄት ሆነ። ስለዚህ በደል ሦስት ደረጃ ያለው ይመስለኛል። አንደኛው ባለማወቅ፣ ሁለተኛው ባለመጠንቀቅ፣ ሦስተኛው አውቆ በመሸፈን ነው። እኔ ሙጫውን የቀባሁ ሌሊት ሁለተኛው ላይ ነበርሁ። መርፌውን ባገባሁ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ተሻገርሁ።

«ግን እኮ አልዋሸህም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዝምታ ሁሉ ውሸት አይደለም። የወንድሙን ገመና የሚሸፍን ሰው ዝም ይላል፤ ምሥጢር የተነገረውም ዝም ይላል፤ ሁለቱም ይመሰገናሉ። ዝምታ ውሸት የሚሆነው ሌላው አምኖን ሳለ፣ ማወቅ እንደሚገባው እያወቅን፣ እንዳይጠይቅም ነገሩን አሳምረን ስናቀርብለት ነው። አንደበቴ ዝም ቢልም መርፌው «ይህ አውሮፕላን በራሱ ይቆማል» ብሎ ተናግሮ ነበር።

«ገንዘቡ ለድሆች አይደለምን?» የሚልም ይኖራል። ይህ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በመልካም ሥራ የተሸፈነ በደል ንስሐን ያዘገያል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የሐናንያን ታሪክ አስቡ። መሬቱን ሸጦ ከፊሉን አስቀርቶ የቀረውን በሐዋርያት እግር ሥር አኖረ። ያመጣው ገንዘብ ለችግረኞች የሚውል ነበር። ከመገሠጹ በፊት የተናገረው ቃል አልተጻፈም። ከፊሉን እንደ ሙሉ አድርጎ ማቅረቡ ብቻ ውሸት ሆኖ ተቆጠረበት።

በማግሥቱ ልጁን ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። «አባባ፣ ያ አውሮፕላን በራሱ አይቆምም። እያወቅሁ ነው የሸጥሁልዎ» አልኋቸው። ለካ የልጅ ልጃቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ከእንጨቱ ነቅሎት፣ ሲወድቅ አይተው ከጅራቱ ሥር የክብሪት ቀፎ ደግፈውበት ኖሯል። «እኔስ እኛ ያበላሸነው መስሎን ሕፃኑን ተቆጥቼው ነበር» አሉኝ። ይህ ከስድብ ይልቅ አቆሰለኝ። ጥፋቴን ዝም ባልሁበት ሳምንት ሁሉ ሌላ ሰው፣ ያውም ሕፃን፣ ተሸክሞልኝ ነበር። እርሳቸውም ጥቂት ቆይተው «በል አስተካክለህ አምጣው» አሉ።

ከልጁ ጋር ሆነን ሆዱን በምላጭ ከፈትነው፤ ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች በሙጫ አፍንጫው ውስጥ አጣበቅን፤ መልሰንም ዘጋነው። አሁን በራሱ ይቆማል። ከሆዱ ሥር ግን ስቱኮው ያልሸፈነው መስመር አለ፤ እንዲቀርም ተውሁት።

ወጣት ወገኖቼ ሆይ፤ ሞዴል ተከፍቶ ይጠገናል። በልጅ ልብ ውስጥ የዘጋነውን ግን በምላጭ አንከፍተውም። የምናስተምረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በምንጽፈው ብቻ አይደለም፤ ማንም አያየንም ብለን በምናደርገውም እናስተምራለን። በትንሹ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ጌታችን አስተምሮናልና፣ እያንዳንዳችን ሳንጠየቅ ልንናገረው የሚገባ ነገር እንዳለን ራሳችንን እንመርምር።

ስለ ፈተናው ወረቀት ለልጁ ዳግመኛ አላነሣሁበትም፤ ለማንሣት ድፍረቱም አልነበረኝም። በሚቀጥለው እሑድ ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ለእናቴ አሳየኋት» አለኝ። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።