የዋጋም ሚዛን አለው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙጠፍፊፊን፣ ከሰው ሲቀበሉ ሞልቶ እንዲሰፈርላቸው የሚሹትን፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን በብርቱ አስጠንቅቋል። ይህን ስንሰማ ትዝ የሚለን የነጋዴው ኪሎ ብቻ ነው። ውድ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች! የኑሮ ውድነት የሚለካበትም ሚዛን አለ፤ እርሱም ሊጎድል ይችላል።

ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ (እ.ኤ.አ. 1364–1442) በካይሮ ሙህተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። በ1405 ስለ ረሃብና ዋጋ ንረት በጻፉት መጽሐፍ ሦስት ምክንያቶችን አስቀምጠዋል፤ ሹመት በጉቦ መገዛቱን፣ የመሬት ኪራይ መናሩንና ፉሉስ የተባለው የመዳብ ሳንቲም ያለ ልክ መብዛቱን። ዕቃው በወርቅና በጥሬ ብር ሲተመን ጭማሪው ጥቂት መሆኑን፣ በፉሉስ ሲተመን ግን እጅግ መናሩን አሳዩ። የረከሰው ገንዘቡ ነበር። ክፉኛ ከተጎዱትም መካከል ቁርጥ ገቢ የነበራቸው የዲን ሊቃውንትና ደረሶች ይገኙበታል።

ዛሬ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ቤተሰብ የሚሸምተውን ዕቃ እንደ አንድ ዘንቢል ቆጥረው ዋጋውን ከአምናው ጋር ያነጻጽራሉ። አምና 1000 ብር የሞላውን ዘንቢል ዘንድሮ 1200 ብር ከሞላው፣ ንረቱ 20 በመቶ ነው ይባላል። ነገር ግን የሁሉም ዘንቢል አንድ አይደለም። ምግብ 30 በመቶ፣ ሌላው 10 በመቶ ጨመረ እንበል። ከወጪው 70 በመቶውን ለምግብ የሚያውል ድሃ 24 በመቶ ይወደድበታል፤ 30 በመቶውን ብቻ የሚያውለው ባለጸጋ 16 በመቶ። አማካዩ ሁለቱንም 20 ይላቸዋል። «ንረቱ ቀነሰ» ሲባልም ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ዘገመ ማለት እንጂ።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሠራተኛ የቀጠርን ሁሉ ደመወዙን ስንተምን የእርሱን ዘንቢል እንይ እንጂ በአማካዩ አንሸሸግ። ዘካ የምናወጣ፣ ኒሳቡን በ85 ግራም ወርቅ የምናሰላ ከሆነ የዛሬውን የወርቅ ዋጋ እንጠይቅ። አምና ለችግረኛ 500 ብር ሰደቃ ሰጥተን ዘንድሮም ያንኑ ብንሰጥ ቁጥሩ እኩል ነው፤ የሚገዛው እህል ግን ጎድሏል። ይህን እያወቅን «አላጎደልንም» ማለት እንችላለን?

አላህ ሞልተው ከሚሰፍሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።