የሚያስተማምን መኪና

«አመነ»፣ «ታመነ»፣ «ታማኝ»፣ «መተማመኛ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። አማርኛ ለፈጣሪም ለመኪናም የሚያውለው ይህንኑ ግስ ነው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ በረሃ ሊወርድ አሮጌ ላንድክሩዘር የሚከራይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያስተማምናል ወይ?» ብሎ ነው። የመኪናው መስታወት ላይ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፎ ይሆናል፤ ገና ሲገዛም ካህን ጠበል ረጭተውት ይሆናል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ለአምላክ በአደራ የተሰጠን መኪና በብረትና በጎማ ማጠናከር እምነት ማጣት ነው? ካልሆነስ፣ ገንዘብ ሲያጥር የትኛው ማጠናከሪያ ይቀድማል?

የዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር ጥያቄውን ያከረዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ዳገቱን የሚወጣው እያለከለከ ነው። ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ሲወረድ ደግሞ ጭንቀቱ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ ይዛወራል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገባው ጥርጊያ ድንጋያማ ነው፤ በክረምት ደግሞ ደራሽ ውሃ ይቆርጠዋል።

ለማጠናከር የሰነፈ ሰው የሚያቀርበው ክርክር ጥንታዊ ነው፦ ቀኑ ከደረሰ አዲስ ጎማ አያድንም፣ ካልደረሰም ጥርሱ ያለቀ ጎማ አይገድልም። የግሪክ ፈላስፎች ይህን «የሰነፍ ክርክር» ብለውታል። በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ክርስቶስ የኖረው ክሪሲጶስ ለተመሳሳይ ክርክር የሰጠው መልስ ዛሬም አላረጀም፤ በሽተኛ እንዲድን ከተወሰነ ሐኪም መጥራቱም አብሮ ተወስኗል አለ። በሰላም መግባት ለተጻፈለት መንገደኛ ደህና ፍሬንም አብሮ ተጽፎለት ሊሆን ይችላል። በእስልምናም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ እንደነገሩት የሚያወሳ ሐዲስ አለ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ክርስቶስን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን ወርውሮ መላእክት ይቀበሉት እንደሆነ እንዲያይ ይጠይቀዋል፤ ክርስቶስም ይህ አምላክን መፈታተን ነው ብሎ ይመልሳል። ፍሬን በማይዝ መኪና የተከዜን ቁልቁለት ጀምሮ ሥዕሉን እያዩ መጸለይ ከዚያ ውርወራ ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81 መጻሕፍቷ አንዱ አድርጋ የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንደ እግዚአብሔር ስጦታ አክብሩ ይላል፤ ወረድ ብሎም ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን አንሥቶ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይኖርና ጸሎታቸውም ያው ሥራቸው እንደሆነ ይመሰክራል። ቀጥቃጭን ለዘመናት ቡዳ እያለ ሲሸሽ ለኖረ አገር ይህ ምዕራፍ ብዙ ያልተሰበከ ይመስላል። ዛሬ ባሌስትራ የሚቀጠቅጠውና የሚበይደው ሰው የዚያ ሙያ ወራሽ ነው።

ሌላው መሠረት ኦሪት ነው። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደም እንዳይሆንበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። ዘጸአት 21 ደግሞ የበሬን ጉዳይ ለሁለት ይከፍላል፦ በሬው ድንገት ቢወጋ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳያስረው ከቀረ ግን ደሙ በእርሱ ላይ ነው። መለያው ማወቅ ነው። ጎማው ማለቁን፣ ፍሬኑ መላላቱን ጎሚስታውና መካኒኩ የነገሩት ባለመኪና ከሁለተኛው ወገን ይቆማል። በዋግ ሁኔታ ይህ የሚብሰው መኪናው ባለቤቱን ብቻ ስለማይጭን ነው። መንገድ ላይ እጁን የዘረጋ እግረኛ ይሳፈራል፤ በቃሬዛ እስከ መንገዱ የመጣች ወላድም ትሳፈራለች። እነርሱ ጎማውን አላዩም፤ በባለቤቱ ታምነው ነው የወጡት።

ከዚህ የወጪው ቅደም ተከተል ይመጣል። ሰው የሚያድነው ይቀድማል፣ መኪናውን የሚያስወጣው ይከተላል፣ የሚያሳምረው መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፍሬንና ጎማ ከሁሉ በፊት ናቸው። አቅም ያነሰው ባለመኪና ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሊገዛ ይችላል፤ በዚህ ነውር የለም። ጎማ ሲገዛ ግን ከጥርሱ ይልቅ በጎኑ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ማንበብ አለበት። 2319 ማለት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ የሆነ አሮጌ ጎማ ውሸታም ነው። ቀጥሎ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ መጎተቻ ካቦ፣ አካፋና የጎማ መንፊያ ይመጣሉ። በአሸዋ ላይ ንፋስ መቀነስ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ያደርጋል፤ ከብዙ ውድ ዕቃ የሚበልጥ ዘዴ ሲሆን የሚጠይቀው ተመልሶ መንፋት ብቻ ነው።

ባሌስትራ መደረብ ግን ሁለት ፊት አለው። ጭነት ያስችላል፣ ሆዱንም ከድንጋይ ያርቃል፤ ነገር ግን መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ያለውና የክብደቱ ማዕከል 75 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና በሒሳብ ደረጃ የሚገለበጠው ወደ ጎን 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ማዕከሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወደ 43 ይወርዳል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ተከምሮ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወደ 40 ገደማ። እውነተኛ መንገድ ላይ፣ ጭነቱ እየተወዛወዘ፣ ከዚያም ባነሰ ይገለበጣል። ድንጋዩን ለማለፍ የተገዛው ከፍታ በገደሉ ጥግ ይከፈላል።

የሚያብለጨልጭ ፓራውልትና በጣሪያ ላይ የተደረደረ መብራት የተለየ ክርክር ይጠይቃሉ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከዚችው ከሰቆጣ ነው። ጌጥ ኃጢአት ነው ማለት ይከብዳል፤ ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴዋንና ሥዕሎቿን አስጊጣለች። በልጅ እህል መጓደል ስሟ በተጠራ ከተማ ግን ፍሬኑን ሳያስጠግን መብራት የደረደረ ሰው ያስቀደመውን ነገር አደባባይ ላይ አውጥቶታል።

ከሁሉ የረቀቀው ችግር ማጠናከር ከተሳካ በኋላ የሚመጣው ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሳም ፔልትዝማን በ1975 የመኪና ደኅንነት መሣሪያ ሲጨመር ሾፌሩ ይበልጥ ይደፍራል ብሎ ተከራክሯል። የመጠኑ ነገር እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ዝንባሌውን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ደካማ መኪና ያለው የጸላሪ ወንዝ ሲሞላ ከመኪናው ይወርዳል። አየር መሳቢያውን ወደ ጣሪያ ያወጣው ግን ሞተሩ ውሃ እንደማይጠጣ ስለሚያውቅ ይገባል፤ ቱቦው ደግሞ የወንዙን ጉልበት አይቀንስም። ስልሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አብዛኛውን መኪና፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ጭምር፣ አንሥቶ ሊወስድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአካባቢው ሰው በትር ይዞ ዳር ዳሩን እየለካ ጥልቀቱን ያያል፤ ከጉልበት ካለፈና ከደፈረሰ ይመለሳል፤ ተሳፋሪዎቹም ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከደጋው የወረደ ደራሽ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።