የሰማ ሰው ላልሰማው ያለበት ዕዳ

ሰው ደስ ያለውን ነገር ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይችልም። መልካም አገር ያየ፥ መልካም ዘፈን የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አፉ አያርፍም፤ የሚያደምጠው ጎረቤት ያጣ እንደ ሆነ ለሕፃን ልጁም ቢሆን ይነግራል። ይህ ጠባይ የሚያስነቅፍ አይደለም። እንዲያውም ከሰው ጠባዮች መካከል ከተሻሉት አንዱ ይመስለኛል፤ ወሬውን የሚያመጣልን ሰው ከደስታው ሊያካፍለን መጣ እንጂ ሊወስድብን አልመጣምና።

ነገር ግን መናገር ቀላል ቢመስልም ከባድ ነገር ነው። የሚናገረው ሰው በስፍራው ነበረ፤ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ያልነበረው ሰው የተነገረውን ከመቀበል በቀር ነገሩን የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ የለም። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንዲት ሴት የገዛ ግጥሟን በገዛ ዜማዋ በሰው ፊት ቆማ ስትዘፍን የሰማ ሰው፥ ላልሰማው ሲናገር ምን ዕዳ አለበት? ለእርሷስ ምን ዕዳ አለበት?

የገዛ ግጥሟን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላ ሰው የደረሰውን የሚዘፍን ሰው ነገሩ ባይሰምርለት ግጥሙ ደካማ ነበረ፥ ዜማውም ለድምፄ አልተስማማኝም ለማለት ይችላል። ራሷ ደርሳ ራሷ የምትዘፍን ሴት ግን የምትሸሸግበት ጥግ የላትም። በዚያም ላይ ሴት በመሆኗ ዘፈኗን ትቶ ስለ ቀሚሷ፥ ስለ ውፍረቷ፥ ስለ ትዳሯ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። ወንድ ከመድረክ ሲወርድ «እንዴት ዘፈነ?» ይባላል፤ ሴት ስትወርድ «ምን ለብሳ ነበር?» የሚለው ይቀድማል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሰምቼዋለሁ፤ የሚጠይቁትም ወንዶች ብቻ አይደሉም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ኬት ቡሽ የእንግሊዝ አገር ሴት ናት። በ1978 ዓ.ም. ራሷ የደረሰችው ዘፈን በአገሯ በሽያጭ አንደኛ ሲሆን ዕድሜዋ 19 ዓመት ነበር፤ በዚያ አገር ራሷ በደረሰችው ዘፈን አንደኛ ለመሆን የበቃች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ናት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝና በአውሮፓ ከተሞች እየዞረች ዘፈነች። ከዚያ በኋላ ግን 35 ዓመት ሙሉ የራሷን ትርኢት ይዛ ወደ መድረክ አልወጣችም። ሸክላ ታወጣለች፥ ሰዉም ይገዛል፤ በመድረክ ግን አትታይም። በ2014 ዓ.ም. በለንደን፥ ሐመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ ልትዘፍን ነው ተብሎ ትኬቱ ለሽያጭ በወጣ ጊዜ በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ትርኢቱም ከኦገስት 26 እስከ ኦክቶበር 1 ቀን ድረስ 22 ጊዜ ታየ።

ትርኢቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ይህች ሴት ለሚመጡት ሰዎች አንድ ልመና አቀረበች። ፎቶግራፍ አታንሡ፥ ፊልምም አትቅረጹ፤ እኔ ለመገናኘት የምፈልገው ከእናንተ ጋር ነው እንጂ ከስልካችሁና ከካሜራችሁ ጋር አይደለም፥ የሚል ነበር። ከገቡትም ሰዎች አብዛኞቹ ልመናዋን አከበሩላት። ከዚህም የተነሣ በዘመናችን እምብዛም የማይገኝ ነገር ሆነ። በየኪሱ ካሜራ ባለበት ዘመን፥ በውጭ የቀረው ሰው በውስጥ የሆነውን ለማወቅ የነበረው ዋና መንገድ እንደ ድሮው የሰው አንደበት ሆነ።

በለንደን የምትኖር የእኅቴ ልጅ ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ ገብታ ነበር። በማግስቱ በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ ያነሣችው ነገር ዘፈኑን አልነበረም። «ጋሼ፥ የተቀመጥኩት ፎቅ ላይ ከኋላ ነው፤ ፊቷን በደንብ አላየሁም። የምነግርዎት በአብዛኛው የሰማሁትን ነው» አለችኝ። እኔም በስልኩ ወዲያ ማዶ ሆኜ ይህች ልጅ ምስክርነት ታውቃለች አልሁ። የተቀመጠበትን ስፍራ የማይናገር ሰው በሁሉም ስፍራ የነበረ ያስመስላልና።

ከዚያም ነገሩን በተራው ነገረችኝ። ከመግቢያዎቹ ዘፈኖች በኋላ አንዲት ከመርከብ አደጋ የተረፈች ሴት በሌሊት በባሕር መካከል፥ በውኃ ላይ በሚያንሳፍፍ ሰደርያ ተይዛ፥ እንቅልፍ እንዳይወስዳት እየታገለች የንጋትን ብርሃን ስትጠብቅ የሚያሳይ ረጅም ታሪክ በዘፈን ቀረበ። የዘፋኝዋ ልጅ፥ ገና የ16 ዓመት ወጣት፥ በትርኢቱ ውስጥ ይጫወት ነበር። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ከከሰዓት በኋላ ተነሥቶ በምሽትና በሌሊት አልፎ እስከ ንጋት የሚሄድ የአንድ ቀን ጉዞ ከወፎች ድምፅ ጋር ተዘፈነ። የእኅቴ ልጅ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይዘገይ ነበር፤ አንዳንዴም «ይህን እንዴት ብዬ ልንገርዎት?» እያለች ትቆም ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ዝምታ ከብዙ ንግግር አብልጬ አምነዋለሁ።

በዚያው ምሽት አብራት የነበረች ጓደኛዋ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ የተናገረችው ሌላ ነው። «የድሮዎቹን አልዘፈነችም! ያን ታዋቂውን ዘፈን እንኳ ትታዋለች!» እውነቷን ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት ሸክላዎቿ አንድም ዘፈን አልተዘፈነም። እንግዲህ ሁለቱም ሴቶች አልዋሹም፤ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ በአንድ ሰዓት ነበሩ። ልዩነቱ ምንድር ነው? አንደኛዪቱ የነበረውን ተናገረች፤ ሁለተኛዪቱ ያልነበረውን። ያልነበረውን መናገር ሐሰት አይደለም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ሊሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማወቁም መብቱ ነው። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ ማለፍ ይበቃል። ሰርግ ተጠርቶ ዶሮ ወጡን በልቶ ሲመለስ «ክትፎ አልነበረም» እያለ አገር የሚያዳርስ ሰው ስለ ሰርጉ ነገረን አይባልም፤ የነገረን ስለ ገዛ ምኞቱ ነው።

ስለ ፊልሙ ነገር አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፥ ወጣቶች ደጋግመው አንሥተውብኛልም። «ገንዘብ የሌለው፥ በሩቅ አገር ያለ፥ የታመመ ሰው ምን ይሁን? አንዱ ተሸሽጎ ቢቀርጽለት ማንን ጎዳ?» ይላሉ። ተቃውሞው ከርኅራኄ የተነሣ ስለ ሆነ በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። ሆኖም ርኅራኄው በማን ገንዘብ እንደሚፈጸም እንጠይቅ። ሴቲቱ ለምናለች፤ ልመናዋን ሰምቶ የገባ ሰው በመግባቱ ተስማምቷል። ከጎረቤት ጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን ለድኻ ቢሰጥም ጎመኑ የጎረቤት ነው። በኋላ በ2016 ዓ.ም. የዚያን ትርኢት ድምፅ በሸክላ አውጥታዋለች፤ ባታወጣውም ኖሮ ፍርዴ አይለወጥም ነበር። ይህን ስል የሚከፉብኝ ወዳጆች አሉኝ፤ ይክፉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነት የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ይኸውም ከፍቅር የሚመጣው። ጠላት ሲዋሽ በቶሎ ይታወቃል፤ ወዳጅ ሲዋሽ ግን ማን ይጠረጥረዋል? የካናዳ ተወላጅ የሆነችው ጆኒ ሚቼል በ2015 ዓ.ም. በአንጎሏ ውስጥ ባለ የደም ሥር ሕመም ወድቃ መራመድና መናገር እንደ ገና መማር ነበረባት። ጊታር ሲመታ ጣት የት ላይ እንደሚያርፍ እንኳ ጠፍቶባት የገዛ የድሮ ፊልሞቿን እየተመለከተች ነው የተማረችው። በጁላይ 24 ቀን 2022 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ፥ ማንም ሳይጠብቃት፥ በ78 ዓመቷ ወጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘፈነች። ወጣቶች ዘፋኞችም ዙሪያዋን ከበው ያግዟት ነበር።

የዚያን ቀን ድምፅዋ የልጅነቷ ድምፅ አልነበረም፤ እጅግ ወርዶ ወፍሮ ነበር። እንግዲህ «ድምፅዋ አልቋል» ብሎ ተናግሮ ዝም የሚል ሰው ከእውነቱ ግማሹን ሰርቋል፤ ያቺ ሴት ከየት ተነሥታ ወደዚያ ወንበር እንደ ደረሰች አልነገረንምና። ደግሞም ሕይወትን ከሁለት ወገን አይቻለሁ የሚለውን ዘፈን የጻፈችው ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ነበር፤ በ78 ዓመት ሲዘፈን ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ያው አይደለም። ነገር ግን «ምንም አልተለወጠችም፥ እንደ ድሮዋ ናት!» የሚለውስ ወዳጅ? እርሱም ሰርቋል። ነገ ይህን አምኖ የሚመጣ ሰው የ25 ዓመት ልጃገረድ ፍለጋ መጥቶ አሮጊት ያገኛል፥ አዝኖም ይመለሳል፤ የሚያዝነውም በእርሷ ላይ ይሆናል። ወዳጁ በማጋነኑ በፊቷ ጉድጓድ ቆፍሯል ማለት ነው። የወደድናትን ሰው እንዳለች ተናግረን ሌላው እንዲወዳት ማድረግ ከቻልን ፍቅራችን ያን ጊዜ ሥራ ሠራ።

በአገራችን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በአዝማሪ ቤት ወንዱ ማሲንቆውን ሲመታ፥ ሴቲቱ ከአድማጩ ግጥም ትቀበላለች፥ ራሷም ትገጥማለች፤ በማግስቱ ጠዋት በየጠጅ ቤቱና በየገበያው «እገሊት ትናንት እንዲህ አለች» ይባላል። በ2011 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁም ክራሯን ይዛ ስትጫወት በዚያው ቅጽበት ግጥም በመፍጠር የታወቀች ነበረች። እንደዚህ ያለውን ግጥም የሚያደርስ ሰው ቃሉን ሳያጓድል መያዝ አለበት፤ አለዚያም «ረስቼዋለሁ» ማለት ይገባዋል። አማርኛ በአንዲት ፊደል የሚገለበጥ ቋንቋ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፥ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ነው። ዘፋኟ ያላላችውን ወሬኛው ሲያጠብቀው ሰሙም ወርቁም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ግጥም የእርሷ አይደለም፥ የሚጠየቅበት ስም ግን የእርሷ ነው።

ይህ በቃል ብቻ የሚቀር አይምሰላችሁ። አስተምርበት በነበረ በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለዓመቱ መዝጊያ ራሷ የገጠመችውን መዝሙር ዘመረች። ዝናብን በመጠበቅ የምትቸገር የገበሬ ሚስት መዝሙር ነበር፤ ሰማይን «ጨካኝ ጌታ» ብላ የምትወቅስበት ቃል ነበረበት። በመስኮት በኩል ቆሞ ያንን ቃል ብቻ የሰማ አንድ ሰው ልጅቱ የትምህርት ቤቱን አስተዳዳሪ ሰደበች ብሎ አወራ። ወሬው በሁለት ቀን አባቷ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ያወራውም ሰምቶ ነው፥ መስኮቱ ዘንድ ቆሜ ነበር ብሎ ግን አልተናገረም። ጉዳዩ ተጣርቶ ነገሩ ሐሰት መሆኑ ታወቀ፥ አባቷም ይቅርታ ጠየቃት። ልጅቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዘምሪ ብንላት ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ እስክትመረቅም ድረስ አልዘመረችም። ግጥም መጻፉን ቀጥላ ይሆን ወይም ትታው ይሆን ማንም አልጠየቃትም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚሉት አባቶቻችን ለሰሚው ነው የተናገሩት። ተናጋሪው ግን መላውን አስቀድሞ ቢጨምርበት ለሰሚው ድካም ይቀንስለት ነበር።

ባለፈው ወር ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፥ አሁን የልጆች አባት የሆነ፥ የአንዲት ወጣት ዘፋኝ ምሽት ላይ ውሎ ቤቴ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ሊያሳየኝ ሲል «ተወው፥ አንተ ንገረኝ» አልሁት። አሰበ። ከዚያ ሦስተኛውን ዘፈን ሁለት ጊዜ እንደ ጀመረችው፥ የገዛ ግጥሟ ጠፍቶባት እንደ ሳቀች፥ ሰዉም ከታች ሆኖ እየጮኸ ቃሉን እንደ መለሰላት ነገረኝ። «ከሁሉ የበለጠው እርሱ ነበር» አለ። እኔም ይህን በየሄደበት መንገሩ ተገቢ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ እርሷ የደበቀችው ነገር አይደለም፥ ሺህ ሰው ያየው ነው፥ አለኝ። እኔ ደግሞ ሺህ ሰው የሣቀላት ሌላ ነው፥ በወሬ የሚሰማው ግን የሚስቅባት ሊሆን ይችላል፥ አልሁት። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተከራከርንበት፤ እርሱም በሐሳቡ ጸና፥ እኔም በሐሳቤ ጸናሁ።