ማን እያባረረን ነው?

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚነቃ ሰው ያውቀዋል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ልብ ግን ደረት ሊበሳ ይመታል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከላቦራቶሪ ገና ያልመጣው ውጤት፣ ሰሞኑን ስልኩን የማያነሣው ወንድም፣ ሁሉም ቀጠሮ የተሰጣቸው ይመስል ባንድ ጊዜ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል። ወደ ታች ሳይወርድ ጉሮሮ አካባቢ ብቻ ገባ ወጣ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። ሰውየውም «አለቀልኝ» ይላል።

እኔም ብያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሼ፣ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ደርሼ፣ ልቤ ተመርምሮ «ደህና ነው» ተባልኩ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ነበረች። አንድ እጄን ደረቴ ላይ፣ አንዱን እምብርቴ ላይ አስደረገችኝና «አሁን ይተንፍሱ። የትኛው እጅዎ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው?» አለችኝ። የላይኛው ነበር። የታችኛው እጄ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭምር አራግፎ እንደሚጨርስ፣ የጣቴ መደንዘዝም የራሴ መዞርም ከዚያ የመጣ እንደሆነ አስረዳችኝ። «የታችኛው እጅዎ እስኪነሣ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሲያወጡ ደግሞ ከሳቡበት ያስረዝሙት» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቼ ተመለሱልኝ።

በሳምንቱ ነገሩን ለንስሐ አባቴ አወራኋቸው። ምንም አልገረማቸውም። «እስቲ ስትጸልይ ልስማህ» አሉኝ። መቁጠሪያዬን አውጥቼ እንደ ልማዴ እግዚኦታውን ጀመርኩ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ... አሥራ አምስት ያህል እንደደረስኩ እጃቸውን እጄ ላይ ጫን አድርገው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን ጥያቄ ለእናንተም ለማድረስ ነው። ጭንቀት የያዘን ብዙዎቻችን ጸሎት የሌለን ሰዎች አይደለንም። ጸሎቱ አለን፤ ግን በጭንቀታችን ፍጥነት እንጸልየዋለን። ታክሲ እንደሚያመልጠው ሰው አርባ አንዱን እግዚኦታ አጣድፈን እንጨርስና «ጸለይኩ፤ ግን ምንም አልቀለለኝም» እንላለን። አፋችን ምሕረትን ይለምናል፣ ትንፋሻችን ግን እንደ ሸሸ ነው። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ጸሎታችሁን ወደ ትንፋሻችሁ ልክ መልሱት። አንድ እግዚኦታ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይሁን።

ነገሩ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቋንቋችንን ብቻ ብታዳምጡት ይበቃል። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ከአንድ የግእዝ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዕብራይስጡም ግሪኩም መንፈስንና ነፋስን በአንድ ቃል ይጠራሉ። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ከምድር አፈር ተበጅቶ ሳለ ሕያው ነፍስ ያደረገው ከፈጣሪው የተነፈሰበት የሕይወት እስትንፋስ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በር ዘግተው በተቀመጡበት ቤት ጌታ ገባ፣ ሰላምን ሰጣቸው፣ እፍ አለባቸው። ስለ ጭንቀት ባሰብኩ ቁጥር ይህ ቦታ ይመጣብኛል። በሩ የተቆለፈው በፍርሃት ነው፤ የመጣላቸውም ትንፋሽ ነው። እኛም ክርስትና ስንነሣ ካህኑ እፍ ብሎብናል። ሲቀልለን ደግሞ ምን እንላለን? «ተነፈስኩ» እንላለን። የልቡን የሚያወራለት ያጣ ሰው «የምተነፍስበት አጣሁ» ይላል። እፎይታ የምንለው ቃል ራሱ «እፎይ» ብሎ ከሚወጣ ረጅም ትንፋሽ የተገኘ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «ይህ ዮጋ አይደለም ወይ? ከሕንድ የመጣ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ሕንድ መሄድ አያስፈልግም፤ ግብፅ በረሃ ይበቃል። አባ እንጦንስ እ.ኤ.አ. በ356 ሲያርፉ ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ከተዉት የመጨረሻ ምክር አንዱ ዘወትር ክርስቶስን እንዲተነፍሱ የሚል እንደነበር ገድላቸውን የጻፈው አትናቴዎስ መዝግቦታል። ያው አትናቴዎስ ነው ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን። ይህን ምክር የጻፈልን እንግዳ ሰው አይደለም ማለት ነው።

ከእነዚያ በረሃዎች አጭር ጸሎት ደጋግሞ የማለት ልማድ ወደ ሲና ወጣ። በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ፣ መሰላል የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው፣ የኢየሱስን ስም ማሰብና መተንፈስ አብረው እንዲሄዱ መክሯል። በ14ኛው መቶ ዘመን በግሪክ የአቶስ ተራራ መነኮሳት የኢየሱስን ጸሎት ከትንፋሽ ጋር አዋሕደው ሲጸልዩ ያየ በርላም የሚባል ምሁር አላገጠባቸው፤ ነፍሳችሁ እምብርታችሁ ውስጥ ናት ወይ አላቸው። ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተከራከረላቸው። እነዚያ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከእኛ የተለዩ ናቸውና በነገረ መለኮታቸው ሁሉ አብረን አንቆምም። ክርክሩ ላይ ግን አንድ የሚጠቅመን ነገር ተነግሯል፦ ትንፋሽን ማረጋጋት ለጀማሪ የተበተነ ልቡን መሰብሰቢያ ይሆነዋል እንጂ ጸጋን የሚያስገኝ ዘዴ አይደለም። በካቶሊኮች ዘንድም ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በመንፈሳዊ ልምምዱ መጽሐፍ ውስጥ አባታችን ሆይን በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል እያሉ መጸለይን አስተምሯል።

ስለ ሰውነቱም ነገር እውነቱን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 23 ጤነኛ ሰዎችን አጥንተው ነበር። ሰዎቹ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ያህል ወርዶ የልባቸውም ምት ከትንፋሻቸው ጋር ተስማማ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ ልብ በሉ። በዚያው ጥናት ውስጥ የዮጋ ድግምም ይህንኑ አስከትሏል። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ የሚያስደነግጥም ሆኖ አላገኘሁትም። ሳንባና ልብ የሠራው አንዱ ፈጣሪ ነውና ሰውነት ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሠራል። እንጀራም አማኙን የማያምነውንም እኩል ያጠግባል። ልዩነቱ ማንን እንደምንጠራ ላይ ነው። ዝም ብሎ የተነፈሰ ሰው ይረጋ ይሆናል፤ እኛ ግን መርጋት ብቻ አይደለም የምንፈልገው። የሚሰማን አለ ብለን ነው የምንጠራው።

እንግዲህ እንዴት ይደረግ? የንስሐ አባቴ ያስተማሩኝን እነግራችኋለሁ። ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ተቀመጡ ወይም ቁሙ፤ አልጋ ላይ ከሆናችሁም ግድ የለም። ትከሻችሁን ልቀቁት፤ የጨነቀው ሰው ትከሻ ጆሮው ሥር ነው ያለው። አየሩ በአፍንጫ ሲገባ በልባችሁ «እግዚኦ» በሉ፤ ሆዳችሁ ይነሣ። ሲወጣ «መሐረነ ክርስቶስ» በሉ፤ በልባችሁም ይሁን ለጆሮ በሚሰማ ሹክሹክታ። እስቲ ልብ በሉት፦ የመጀመሪያው ቃል አጭር፣ ቀጣዩ ረጅም ነው። ያቺ ሐኪም ካዘዘችኝ ጋር አንድ ሆነብኝ። ትንፋሽ ሲገባ ልብ በትንሹ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ መውጫው በረዘመ ቁጥር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ልብን ያረግበዋል። አባቶቻችን ጸሎቱን ሲደነግጉ ይህን አስበው ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ግን ለአፌም ለሳንባዬም ልክክ ብሎ ሳገኘው አመሰገንኩ።

በዚህ አካሄድ አርባ አንዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሰባት ደቂቃ ስልክ ላይ ስንቱን እናይበታለን!

ወንጌላውያን ወገኖቼም ከዚህ አልወጡም። ከመዝሙረ ዳዊት የምትወዱትን አንድ አጭር ልመና ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ስትስቡ፣ ግማሹን ስታወጡ በሉት። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህቴም ይህን ብታነብ ደስ ይለኛል። ድምፅ አውጥታ የማትጸልይበት፣ መስቀሏን ከልብሷ ሥር የደበቀችበት ቤት ሊሆን ይችላል። ዕቃ እያጠበች፣ ልብስ እየተኮሰች በትንፋሿ ብትጸልይ ማንም አያይባትም፣ ማንም አይከለክላትም።

ይህ ሁሉ ከባድ የሚመስለው የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ያስታውስ። በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነጠላ አጣፍቶ የሰገደ ሰው ነገሩን በአካሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ይጣደፋል፤ ሠላሳ ሳይሞላ ጉልበቱ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሳይወድ ትንፋሹን መከተል ይጀምራል። ግንባሩ ወደ መሬት ሲወርድ አየሩ ይወጣል፣ ሲነሣ ይገባል፣ ኪርያላይሶኑ በመሐል ራሱን ያገኛል። አጠገቡ ያሉት አዛውንት ለምን እንደማይደክሙ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ከመጀመሪያውም አልሮጡም።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ትንፋሻችሁን አታስጨንቁት፤ እስኪጨልምባችሁ አትያዙ፣ ሰከንድ አትቁጠሩበት፣ ራስ ካዞራችሁ ተዉትና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ጭንቀቱ ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ በተለይ ደግሞ መኖር ያስጠላ እንደሆነ፣ «በጸሎት ይለቃል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ወንድማችሁንም አታስቀምጡት። ወደ ሐኪም ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪም ቤቶች በር ላይ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ የሚመለስ ስንት አለ! ኤልያስ በበረሃ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩም ደግሞ አበላው። የሰውነትን ድካም መንፈሳዊ ጉድለት ብለን ሰው ላይ ሸክም አንጨምር። ጠበሉም፣ ጸሎቱም፣ ኪኒኑም አይጣሉም።

ይህ የትንፋሽ ጸሎት ለሌላ ሰው ጭንቀትም ይጠቅማል። እኛ አይዞህ ለማለት እንቸኩላለን። «አትጨነቅ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን እንሄዳለን፤ የተጨነቀው ሰው ግን ቃሉን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ትንፋሹ ሳይወርድ ምክር አይወርድለትም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ትንፋሽ አርጉ፣ ከዚያ ዝም በሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐኪም ቤት ኮሪደር ውስጥ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። ልጃቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ይፈታሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ፤ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አይለይም።

«እማማ፣ አብረን እንበለው?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «በል እስቲ ልጄ» አሉ።

ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ ሳወጣ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀድመውኝ ጨረሱ፣ ከዚያ ግን ይጠብቁኝ ጀመር። ዘጠነኛው ወይም አሥረኛው ላይ እኩል ሆንን። ጣታቸው ነጠላውን ለቀቀው፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አስቀመጡት። ፅዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ አለፈች፣ ከታች ፎቅ ሕፃን አለቀሰ፣ እኛ ቀጠልን። ነርሷ በሩን ከፍታ የልጃቸውን ስም ስትጠራ ስንተኛው ላይ እንደነበርን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።