ጸጋን የሚለየው ማን ነው?

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ስለ ጸጋ ስጦታ ያስተማረኝ ሰው አጠገቤ ተቀመጠና «የተሰጠህን ጸጋ ብታነሳሳው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። እውነቱን ከሆነ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። ካልሆነ ደግሞ ያስተማረኝን ሁሉ እንደገና መመርመር አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ጸጋን የመለየት ትምህርት ተሰጠን። መጠይቅ ሞላን፣ ነጥብ ተደመረ፣ የእኔ ፈውስ ላይ ከፍ አለ፤ እጅ ተጭኖም ተጸለየልኝ። ብዙ ሳይቆይ የእናቴ ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል፣ እጥበት ላይ ትውላለች። እኔም ነጥቤን አምኜ ጾምኩ፣ እጄን ጫንኩባት፣ በሽታውን ገሠጽኩ። አንድ ቀን «ተነሽ፣ ድነሻል» አልኳት። አምናኝ ልትነሳ ስትሞክር ወደቀች። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መንፈስ ቅዱስ ስጦታ እንደሚሰጥ አልጠራጠርም፤ ማስረጃም አልደረድርም። ፈውስ እንዳለም አምናለሁ። የምጠይቀው፣ ጸጋ ነጥብ ደምሮ የሚገኝ፣ ከዚያም በፈለጉት ሰዓት የሚያወጡት ንብረት ነው ወይ ብዬ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-10 የዘረዘራቸው 9 ናቸው፤ በሮሜ 12 ደግሞ 7፣ ያውም አብዛኞቹ ሌሎች። ፒተር ዋግነር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ 27 አደረሳቸው። ሐዋርያው ምሳሌ ሰጠ እንጂ ቆጠራ አላካሄደም። ድውያንን የፈወሰው ይኸው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ላይ ተጽፏል። ይህን ጥቅስ በዚያ ትምህርት አንድም ቀን አልሰማሁትም። ስለ ተቀበረው መክሊት ግን በየሳምንቱ እንሰማ ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ የሚያስፈራውን እያነበቡ የሚያጽናናውን ዘለሉብን።

እስከዚህ ድረስ አልከበደኝም። እንቅልፍ የነሳኝ የጎረቤታችን ጉዳይ ነው። ሙስሊም ናት። ሐኪሙ ለእናቴ የምትጠጣውን ውሃ መጥኖባት ነበር፤ ጥሙ ከሕመሙ ባሰባት። ጎረቤታችን ጠዋት በቡና ሲኒ ልክ ለቀኑ የተፈቀደውን ያህል ባቄላ ቆጥራ ትንሽ ሰሃን ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ሲኒ ውሃ በተጠጣ ቁጥር አንድ ባቄላ ይነሳል። ማታ አንድ ባቄላ ከተረፈች የእናቴ ፊት ይበራል። ከንፈሯ ሲደርቅ ደግሞ በሎሚ ታርስላታለች። መጠይቁ ላይ ስለዚህ የሚጠይቅ መስመር አልነበረም።

ይህ ጸጋ ካልሆነ ጸጋ ምንድን ነው? ጸጋ ከሆነስ ለአማኞች ተሰጠ የተባለው ስጦታ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

አስተማሪዬን ጠየቅሁት። «ያ ሰብአዊ ደግነት ነው፤ ጸጋ ከተፈጥሮ በላይ ነው» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጠው መልሱ አልቆመልኝም። በዘጸአት 31 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ከፈውስ ቀጥሎ የተቆጠረው እርዳታ ነው። እንግዲህ ያንን ድንበር ያሰመረው አስተማሪዬ እንጂ መጽሐፉ አይደለም።

ልዩነቱ በዓላማው ይሆን? ጸጋ ጉባኤውን ለማነጽ ነውና። ይህ ይሻላል። ግን እናቴ ከጉባኤው አልነበረችም ወይ? እኔ በጸሎቴ ጣልኳት፤ ጎረቤቴ በሲኒ ውሃ ደገፈቻት።

ይህን የምጽፈው ሌሊት ነው። ቀን ቀን የእናቴን የቀበሌ ቤት ጉዳይ ይዤ ወረዳ ተሰልፌ እውላለሁ፤ ሐሳቤ ቢቆራረጥ ከዚያ ነው። ትናንት እዚያው ሰልፍ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቦታ ሲለቀቅላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። እናቴም በእያንዳንዱ ሲኒ የምትለው ይህንኑ ነበር። ውለታውን እኔ አልችለውም፣ እሱ ይስጥልኝ ማለት አይደል? የተቀበለችው ከጎረቤቷ እጅ ነው፤ የጠራችው ግን እሱን ነው። ታዲያ ጸጋን የሚለየው ተቀባዩ ይሆን እንዴ? ዶርቃም በሐዋርያት ሥራ 9 ጸጋዬ ይህ ነው አላለችም። መበለቶቹ ናቸው ያደረገችላቸውን ልብስ እያሳዩ ያለቀሱት።

በጎረቤቴ መንፈስ ቅዱስ በአማኝ እንደሚያድር ያድራል ለማለት አልደፍርም፤ አላውቅምና። በእጇ አልሠራም የሚለኝን ግን ከእንግዲህ አልሰማም። ለታመመ ሰው ዛሬም እጄን ጭኜ እጸልያለሁ፤ «ተነሽ» ከማለቴ በፊት ግን ጠምቷት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ጌታ ያርመኝ።

እናንተም መምህሮቼ፣ ነገ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ስለ ጸጋ ልትናገሩ ብትነሱ፣ አስቀድማችሁ የጥሮፊሞስን ጥቅስ አንብቡ። ካነበባችሁም በኋላ ዝም ብላችሁ ከሐዘንተኛው አጠገብ ተቀመጡ።