ከጉባኤው አትራቅ

ልጄ፣ ወጣቶች መጥተው ሲያዋዩኝ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «እግዚአብሔርን ማመን እፈልጋለሁ፤ ግን ልቤ አልረጋ አለኝ። ትንሽ ልበርታና ቤተ ክርስቲያን መምጣት እጀምራለሁ» ይሉኛል። አንዱ ሥራ ካጣ ዓመት አልፎታል፤ ሌላዋ እናቷን ቀብራ መጽናናት አቅቷታል፤ ሌላው ደግሞ የጸለየው ሁሉ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለዋል። ችግራቸው ይለያያል፤ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ለብቻቸው መበርታት፣ ከዚያ በኋላ ከምእመናን ጋር መቆም። አንተም እንዲሁ እያሰብህ እንደሆነ ስለጠረጠርሁ ይህን ጻፍሁልህ። ነገሩን ገልብጠህ ይዘኸዋል። በእግዚአብሔር መታመንን ሰው ቤቱ ዘግቶ ተቀምጦ አይጨርሰውም። የምንማረው በአምልኮ መካከል፣ ከሚያምኑ ሰዎች አጠገብ ቆመን ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን ታሪክ ታውቀዋለህ። ጌታ ቅፍርናሆም ውስጥ ያለበትን ቤት ሰው ጢም ብሎ ሞልቶታል። አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው መጡ። በበሩ መግባት ቢያቅታቸው ጣራው ላይ ወጡ፤ ጣራውን ነደሉ፤ ሰውየውን ከነአልጋው ወደ ጌታ አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታ አየ ብሎ የጻፈው የማንን እምነት እንደሆነ አስተውል፤ የተሸካሚዎቹን ነው። ሽባው ራሱ ምን ያህል ያምን እንደነበር አልተነገረንም። ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ ምናልባትም «ተዉኝ፣ መልሱኝ» ብሏቸው ይሆናል። እነርሱ ግን አልመለሱትም። ጌታም ኃጢአቱን ይቅር አለው፤ በእግሩ አቁሞም ወደ ቤቱ ሰደደው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለዚህም ይሠራል። ለብቻህ ይዘኸው ወገብህን ያጎበጠህ ጭንቀት ጉባኤ መካከል ሲገባ ብዙ ትከሻ ያገኛል።

ይህ በአገራችንም ታይቷል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ወላይታ ውስጥ ወንጌል ይሰብኩ የነበሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ተገደው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። እነዚህ አማኞች በቋንቋቸው የነበራቸው ይኸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። የቀሩት ግን አልተበተኑም። ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ፣ አብረው ይጸልዩ፣ የሰሙትን ቃል ከመንደር ወደ መንደር ያደርሱ ነበር። ጠላት ተባርሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው። ያን ሕዝብ የሳበው ስብከት ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤት አይቷል፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ እንደማይጣጣሉ አይቷል።

በደርግ ዘመን ደግሞ እኛው ራሳችን አየነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ የምሽት አምልኮ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋውን ጥዬ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ።

የዚያን ዘመን የቤት ውስጥ ኅብረት እንዴት እንደነበረ ልንገርህ። የምንሰበሰበው ጥቂት ጥቂት ሆነን ነው። አንድ ላይ አንገባም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሰፈሩን ዞሮ ቆይቶ ይመጣል። መጽሐፍ ቅዱሱ በነጠላ ተጠቅልሎ ይገባል። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ሲኒው ይደረደራል፤ የቀበሌ ሰው ድንገት ቢያንኳኳ ቡና የምንጠጣ ጎረቤታሞች ነን። መዝሙሩን በከንፈር ነበር የምንዘምረው፤ ጭብጨባ የለ፣ እልልታ የለ። ባሏ የታሰረባት አንዲት እህት ከእኛ ጋር ነበረች። አንዳንድ ቀን መጸለይ ያቅታትና ዝም ብላ ታለቅሳለች። «እምነትሽ የት ሄደ?» ያላት ሰው አልነበረም። አጠገቧ የተቀመጠችው እጇን ይዛ በእርሷ ፈንታ ትጸልይላታለች፤ ስንለያይም የነገው ስንቅ የማን ተራ እንደሆነ ተነጋግረን እንበተናለን። ወራት አልፎ ሌላው ሲደክም ደግሞ ጸላይዋ እርሷ ሆነች። እግዚአብሔር ታማኝ መሆኑን እዚያች ክፍል ውስጥ ያወቅሁትን ያህል ከየትም አላወቅሁም።

ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ድምፅ ማጉያውም እስከ አስፋልት ይሰማል። በሩ ክፍት በመሆኑ ግን አምልኮው የሚሰጥህን ነገር አቅልለህ እንዳታየው። እሑድ ጠዋት ከምእመናን ጋር ስትቆም እያንዳንዱ ነገር መታመንን ያስተምርሃል።

መጀመሪያ መዝሙሩ ነው። «ልቤ ያልደረሰበትን ነገር ስዘምር ማስመሰል አይሆንብኝም?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይሆንብህም። መዝሙር 13ን ክፈትና አንብብ፤ ዳዊት የሚጀምረው እግዚአብሔር የረሳው መስሎት በመጨነቅ ነው፤ የሚጨርሰው ግን በመታመንና በመዘመር ነው። መዝሙር 73 ላይ አሳፍ የክፉዎች ኑሮ ሲሳካ አይቶ እግሩ ሊንሸራተት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ነገሩ የገባው ወደ መቅደሱ ሲገባ ነው። መዝሙር 88 ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው። ሆኖም ሁሉም ሕዝቡ በሚያመልክበት መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። እግዚአብሔር ኀዘንህን በር ላይ ትተህ ግባ አላለህም፤ ይዘኸው ግባ። አፍህ መዘመር ባይችል ዝም ብለህ ቁም፤ ዙሪያህ ያለው ዝማሬ በጆሮህ ይግባ።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ሥራ ያገኘውን፣ ቪዛ የወጣለትን ብቻ አትስማ። በእኛ ጉባኤ ኩላሊታቸው የታመመ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት የሚሄዱ አንዲት እናት አሉ። አንድ እሑድ ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ «እስካሁን አልዳንሁም። ግን አንድም ቀን ብቻዬን ሐኪም ቤት አልሄድሁም፤ ጌታ ታማኝ ነው» ብለው ተቀመጡ። አሜን ያላለ ሰው አልነበረም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሦስቱ ወጣቶች እቶኑ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣዖቱ አንሰግድም ሲሉ የነበራቸው እምነት ይህ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ምስክርነት ስትሰማ የመታመን ልኩ ይገባሃል። የለመንኸውን ማግኘት በረከት ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የምትለምነውን አምላክ ማወቅ ነው።

የጌታ እራት ሲቀርብም አስተውል። ዳይሬክተሩም ሊስትሮውም ከአንድ እንጀራ ይቆርሳሉ። ማንም ከፍሎ አልገባም፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። መታመን በተግባር ሲታይ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ያልሠራኸውን፣ ያልገዛኸውን ከክርስቶስ እጅ መቀበል።

ስለ አቀባበልም ልንገርህ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ከፊት አስቀምጦ ድኻውን «እዚያ ቁም» የሚልን ጉባኤ አጥብቆ ይገሥጻል። ስለዚህ የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን በሙዚቃው ድምቀትና በሕንፃው ቁመት አትመዝነው። ደካማውን እንዴት እንደሚይዝ እይ። አስተናጋጁ ጫማው ያረጀውን ሰው እንዴት እንደሚያስቀምጥ እይ። እንግዶች ብድግ ብለው በመዝሙርና በጭብጨባ ሲቀበሏቸው ደስ ይላል፤ እውነተኛው አቀባበል ግን የሚታወቀው በሚቀጥለው እሑድ ስምህን ያስታወሰ ሰው ሲኖር፣ ስትቀርም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚደውልልህ ሲገኝ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በኪራይ ቤት ለሚኖር ልጅ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠራ እህት፣ እንዲህ ያለ ጉባኤ ዘመድ ነው። ስትታመም የሚጠይቅህ፣ ለቅሶ ሲመጣብህ አብሮህ የሚቀመጥ እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሃለሁ። መታመን ያለብህ በእግዚአብሔር ነው እንጂ በአገልጋይ አይደለም። «ይህን ያህል ገንዘብ ካመጣህ በረከትህ ይለቀቃል» የሚልህ ሰው ሲገጥምህ ጫማህን አንሥተህ ውጣ። «መድኃኒትህን ጣል፣ ያመነ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም» የሚልህንም አትስማ፤ በሐኪም እጅ የሚረዳን እግዚአብሔር ነው። ቃሉ በሥርዓት የሚነበብበት፣ ሽማግሌዎች የሚጠየቁበት፣ የገንዘቡ ሒሳብ በግልጽ የሚነገርበት ቤት ፈልግ። እንዲህ ባለው ቤትም ቢሆን ሰው ሰው ነውና ቅር የሚያሰኝህ አይጠፋም። የዚያን ጊዜ ሰውየውን ለብቻው አነጋግረው፤ ካልሆነ ወደ ሽማግሌዎች ውሰደው። በአንድ ሰው ጥፋት ተቆጥተህ ጌታ ከሰጠህ ማኅበር አትለይ።

አሁን ደግሞ የምታደርገውን ልንገርህ። ቀደም ብለህ ግባ፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ተደብቀህ ቡራኬ ሳይሰጥ ሹልክ ብለህ አትውጣ። ከአምልኮ በኋላ ቆይተህ ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቅ። በሰፈርህ ያለውን የቤት ኅብረት ጠይቀህ ግባ፤ በትልቁ አዳራሽ ማንም የማያየው እንባ እዚያ ይታያል። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ «ሁሉ ሰላም ነው» እያልህ አትሸፍን፤ የከበደህን ተናገር። ሌላው ሲናገር የሰማኸውን ግን በልብህ ያዝ፤ ለጸሎት እንጂ ለወሬ አታውጣው። ቤትህም ስትገባ ለብቻህ መጸለይህን አትተው፤ የጓዳው ጸሎትና የጉባኤው ጸሎት አንዱ ሌላውን ያጠነክራል። ስትበረታ ደግሞ ተራህን አትርሳ። ያን ቀን አስተናጋጅ ሁን፣ ወንበር ደርድር፣ ብቻውን የቆመውን እንግዳ ሄደህ ጨብጥ። አንተን የተሸከሙህ ነበሩና አንተም የምትሸከመው አለህ።

ልጄ፣ እስክትበረታ አትጠብቅ። ጥርጣሬህንም ድካምህንም ይዘህ በሚመጣው እሑድ ና። የታመነው እግዚአብሔር አይጥልህም፤ ሕዝቡም መካከል ቦታ አለህ። ጌታ ይባርክህ፤ ልብህንም ያጽናልህ።